የትኛው ሌበር?

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

መነጽርዎ እስኪገኝ ድረስ እማዬ አጠገብዎ ተቀምጣ ፖስታውን እያገላበጠች እንደምትጠብቅ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። እንግዲህ መነጽሩ ተገኝቷልና፣ እንደምን ከርማችኋል? አባባ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? የዓይን ጠብታውን በየጠዋቱ ያደርጉታል ወይስ ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው ዝም ብለው ያዩታል? የእማዬስ ግፊት ወረደላት? ጨው ቀንሻለሁ ማለቷን ሰምቻለሁ፤ እውነቱን ግን ከእህቴ አጣራለሁ። ወንድሜስ ከአዲሱ አለቃው ጋር ተስማማ? የናፍቆቴን ነገር ተዉት፤ እሱን ከጀመርኩ ወረቀቱ ያልቅብኛል።

እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን ደህና ነን። «ልጃችን» ብዬ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጽፌው ትንሽ ቆም ብዬ አየሁት። በስልክ «ተገላግያለሁ፣ ሁለታችንም ደህና ነን» ከማለት በላይ አልነገርኳችሁም። እማዬ ብዙ ጠየቀችኝ፤ መስመሩ ይቆራረጣል ብዬ አመለጥኳት። መስመሩ አልተቆራረጠም፤ ነገሩ በስልክ የሚወራ ስላልነበረ ነው። እርስዎ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው የሰው ማመልከቻ ሲጽፉ፣ ጉዳዩን ከሥሩ ሳይሰሙ ብዕር አያነሱም ነበር። እኔም ከሥሩ ልጀምር።

ሥሩ አንድ ቃል ነው። ልጅ ሆኜ ሽፋኑ ከተገነጠለው መዝገበ ቃላትዎ በየቀኑ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ያስጠኑኝ እንደነበር አይረሱትም። «ሌበር» የሚለው የደረሰ ቀን፣ ከሥራ የተባረረ አንድ ሰው ማመልከቻ ሊያጽፍ መጥቶ አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። ሌበር ማለት ሥራ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ማለት ነው ብለው እሱን በምሳሌነት አሳዩኝ። ልክ ነበሩ። ያልነገሩኝ፣ ይኸው ቃል ሐኪም ቤት ሲገባ ምጥ ማለት መሆኑን ነው። አልፈርድብዎትም፤ የእርስዎ ውሎ ከፍርድ ቤት ጋር እንጂ ከማዋለጃ ክፍል ጋር አልነበረም።

ይህንን ሁለተኛውን ትርጉም ያስተማረችኝ የእርግዝና ክትትል የማደርግበት ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ጤና ጣቢያው ትንሽ ስለሆነ አያዋልዱም። ስምንተኛው ወር ላይ ጠርታኝ፣ ምጥ ሲጀምርሽ ወደዚህ አትምጪ፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሂጂና «ሌበር» ብቻ በያቸው፣ እነሱ ራሳቸው ይወስዱሻል አለችኝ። በካርዴም ላይ ጻፈችልኝ። እኔም ምጥን ሥራ ብሎ የጠራው ሰው መቼም ሴት መሆን አለባት ብዬ በልቤ ሳቅሁ፣ ቃሏን ያዝኩ። ሌላ ቃል አልያዝኩም፤ ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ። ባለቤቴ ብየዳ የሚሠራበት ድልድይ ከከተማ ውጭ ስለሆነ ቤት የሚገባው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። የመውለጃዬ ቀን ደግሞ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበር። አብሬሽ እሄዳለሁ ያለችኝ ጎረቤቴ ሥራ ገብታለች። ብቻዬን ሆኜ ከመጋረጃ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ለሕፃን አንሶላ ስዘመዝም ወገቤን እንደ ቀበቶ ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ። መጀመሪያ ከመቀመጥ ብዛት ነው አልኩ። ሁለተኛው ሲመጣ መርፌዬን ሰካሁ። ሦስተኛው ሲመጣ ቦርሳዬን አንስቼ፣ የባለቤቴን ትልቅ ካፖርት ደርቤ፣ ደረጃውን እንደ ሸርጣን በጎኔ ወረድኩት። ውጭ ዝናቡ ያወርደዋል።

ታክሲ ቆመልኝ። ሾፌሩ እንደ እኔው ከሌላ አገር የመጣ፣ ጢሙ ነጭ የሆነ ትልቅ ሰው ነው። ቦርሳዬን ተቀብሎ ከኋላ ከዕቃ መጫኛው ከተተልኝ፤ ካርዴም ያው አብሮ ገባ። «ሌበር» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ። በዚያ ካፖርት ውስጥ ሆዴ አይታይም፤ የሚታየው እንባ የተናነቀው ፊቴ ብቻ ነው። ሌበር ኦፊስ ነው ወይ ሲለኝ፣ ኦፊስ ያለው የሆስፒታሉን ካርድ ክፍል መሰለኝና አዎ፣ ቶሎ በልልኝ አልኩት። መንገዱን ሁሉ ሲያጽናናኝ ሄደ። አይዞሽ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ የደረሰብሽን ሁሉ ይሰሙሻል፤ እኔም የዛሬ ሁለት ዓመት ገብቼ ነበር፣ መጨረሻው አምሮልኝ ወጣሁ አለኝ። ወንድ ልጅ ሌበር ገብቼ ነበር ሲል ግራ ገባኝ፤ ሚስቱን ማለቱ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ጥርሴን ነክሼ ስለነበር ላብራራው የምችልበት አቅም አልነበረኝም።

ትልቅ ሕንፃ ፊት ለፊት አወረደኝ። ከመስታወቱ በር በላይ በትልልቁ «ሌበር» የሚል ተጽፏል፤ ከጎኑ ያለውን ሌላውን ቃል ማን ያነባል? ሽማግሌው ቦርሳዬን ተሸክሞ እስከ ውስጥ ተከተለኝ። ውስጡ ግን ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው አይታይም። በተደረደሩት ወንበሮች ላይ የተቀመጡት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ አንዱ እጁ በፋሻ የተጠቀለለ፣ አንዱ የሥራ ቆቡን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ፣ ሁሉም ወረቀት የያዙ። ጥበቃው የተራ ቁጥር ቆርጦ ሰጠኝ። የእኔ ሰባ ሦስት ነው፤ የሚጠራው ደግሞ ገና አርባ አንድ። አባባ፣ ያኔ ያሰብኩትን ብነግርዎ ይስቁብኛል። እዚህ አገር ለመውለድም ተራ ይያዛል ማለት ነው አልኩ። ወንዶቹ ደግሞ ሚስቶቻቸው ውስጥ ያሉባቸው ባሎች መሰሉኝ። ስለዚህ እንደ ሰዉ ተራዬን ልጠብቅ ተቀመጥኩ።

ሃምሳ ሳይጠራ የሽርት ውሃዬ ፈሰሰ።

አጠገቤ አንዲት ጠና ያለች ሴት ተቀምጣ ነበር። እጆቿ በሳሙናና በበረኪና ብዛት የተሰነጣጠቁ ናቸው። ወለሉን አየች፣ ካፖርቴን ገለጥ አድርጋ ሆዴን አየች፣ ከዚያ ፊቴን በሁለት መዳፎቿ ይዛ አንድ ነገር ተናገረች። ቋንቋዋን አላውቀውም። እሷም ይህ ገብቷት ወደ ራሷ አመለከተች፣ ክንዷን ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ወዘወዘች፣ አሥር ጣቶቿን ዘርግታ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች፣ ዘጋች፤ ብዙ ልጅ በእጄ ተቀብያለሁ ማለቷ ነው። በኋላ እንደሰማሁት በአገሯ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አዋላጅ ነበረች። እዚህ የሰው ቤት ታጸዳለች። ያን ቀን የመጣችው አሠሪዋ የትምህርትና የጉዞ ወረቀቶቿን ይዛ አልሰጥም ስላለቻት ነው። ያንን ቀጠሮ ለማግኘት ሁለት ወር ጠብቃለች። እኔን ደግፋ እንደቆመች ተራ ቁጥሯን፣ ሃምሳ ሁለትን፣ ጠሩ። ቀና ብላ እንኳ አላየችም።

ከመስኮት ኋላ ትሠራ የነበረችው ጸሐፊ ሮጣ መጣች። ሐኪሙ የታለ ብዬ ጠየቅኳት። «እህቴ፣ ይህ እኮ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ነው» አለችኝ። አምቡላንስ ደወለች፤ በዝናቡ ምክንያት ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ተሽከርካሪው እንደ ዶቃ ተደርድሮ ቆሟልና አርባ ደቂቃ ጠብቁ አሏት። አዋላጇ ሆዴን ዳሰሰችና ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ አርባ ደቂቃ የለንም ማለቷ ነው። አሠሪና ሠራተኛ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚታረቁበት ክፍል ነበር፤ እዚያ አስገቡኝ። ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፉት። ተራ ጠባቂዎቹ ካፖርታቸውን እያወለቁ በበሩ በኩል አቀበሉ፤ ምንጣፉ ላይ እሱ ተነጠፈልኝ።

አባባ፣ የሚቀጥለውን አንቀጽ ለእማዬ አያንብቡላት። ለአባት መጻፉም ያሳፍራል፤ እርስዎም በዓይንዎ ብቻ ይለፉት።

ልጅቷ ስትወጣ እትብቱ ሁለት ዙር አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ያወቅኩት ከክፍሉ ዝምታ ነው። ጸሐፊዋ እጄን ይዛኝ ነበር፤ አጥብቃ ጨመቀችው። አዋላጇ ግን አልተጣደፈችም። በአንድ ጣቷ ፈልቀቅ፣ እንደገና ፈልቀቅ አደረገችው፤ እኔ የተወሳሰበ ክር ስፈታ እንደማደርገው፣ ሳትጎትት። ሕፃኗ መልኳ የጠቆረ፣ ዝም ያለች ነበረች። በካፖርት ገበር ጀርባዋን አሸቻት፣ አፏን ጠረገች፣ እግሯን መታ መታ አደረገች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ በአፏ ትንፋሽ ሰጠቻት። አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛውን አላስታውሰውም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው ሕፃኗ እያለቀሰች ነበር፤ አዋላጇም እያለቀሰች ነበር። እትብቱን ሳትቆርጥ ደረቴ ላይ አስተኛቻት፣ ሁለታችንንም ሸፈነችን።

እማዬ ከዚህ ትቀጥል። ሴት ልጅ፣ ጤነኛ፣ ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ለቅሶዋ ውጭ ሲሰማ ተራ ጠባቂዎቹ አጨበጨቡ። ሳይሄድ የቆየው ጢማሙ ሾፌር ብቻ አላጨበጨበም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ፊቱን በቆቡ ሸፍኖ ነበር አሉኝ።

የአምቡላንሱ ሰዎች ሲደርሱ ካርዴን ጠየቁ። ጸሐፊዋ ከቦርሳዬ የወረቀት ማቀፊያዬን አውጥታ ስታገላብጥ ከካርዱ በፊት ሌላ ወረቀት ወጣ። አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። ይህንን አንቺ ነሽ የፈረምሽው አለችኝ። አዎ፣ የዕረፍት ፈቃዴ ነው አልኳት። በሰባተኛው ወር ነው፤ የመጋረጃ መስፊያችን ተቆጣጣሪ መጥቶ፣ ሆድሽ ከማሽኑ ጋር አልገጥም አለ፣ እስክትወልጂ ቤትሽ ዕረፊ፣ እዚህ ላይ ፈርሚ ብሎኝ ነበር። አመስግኜው ነው የፈረምኩት። ጸሐፊዋ ወረቀቱን መልሳ ማቀፊያው ውስጥ ከተተችው። ቃሬዛው ሲነሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይህን ወረቀት እንዳትጥዪው፤ ስትበረቺ ነይ» አለችኝ።

ሆስፒታል እንደደረስኩ ዋናዋ አዋላጅ እኔንም ልጄንም ከላይ እስከ ታች አየችን። አብሮሽ የነበረው ማን ነው ብላ ጠየቀች። የቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት አልኳት። አይደለችም፣ ሥራዋን የምታውቅ ሰው ናት አለች። የታክሲውን ስህተት ስነግራት ደግሞ ፈገግታዋ ጠፋ። ሾፌሩ በትክክል ወደዚህ ቢያመጣሽ ኖሮ፣ በዚያ በተዘጋ መንገድ መሐል ታክሲ ውስጥ ትወልጂ ነበር፣ እትብቱን የሚፈታ እጅ ሳይኖር አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሌሊትም ቀንም ይህን አስባለሁ፤ አስቤ አስቤ መጨረሻው ፈጣሪን ማመስገን ነው። እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚለኝ ያገሬ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ሥራውን ትቶ በዝናብ ሸሚዙን ብቻ ለብሶ የቀረው ሰው ሁሉ ግን በየቋንቋው ያንኑ ብሎኛል ብዬ ቆጥሬዋለሁ።

ባለቤቴ በማግስቱ ከነሥራ ልብሱ፣ ፊቱ ጥላሸት እንደሆነ ደረሰ። የልደት መዝጋቢው ሲመጣ ልጅቷ የት ተወለደች ብሎ ጠየቀን። ባለቤቴ ሌበር አለው። እሱማ ሁሉም እዚያው ነው የሚወለደው፣ የትኛው ሌበር ነው አለ ሰውዬው። ባለቤቴ የቢሮውን ስም ነገረው። መዝጋቢው ብዕሩን አስቀምጦ እስኪበቃው ሳቀና እንደተነገረው ጻፈ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሾፌሩ መጣ። ከበሩ አልገባም ብሎ፣ በእኔ አለማወቅ ልጅሽ ልትሞት ነበር፣ ይቅር በይኝ አለ። ባለቤቴ ዋናዋ አዋላጅ ያለችውን ነግሮት ጎትቶ አስገባው። ልጅቷን ተቀብሎ አቀፋት። ከዚያ፣ በእኛ ቋንቋ ለሁለቱ ነገር ሁለት ቃል አለ አለ። በእኛም እንዲሁ ነው አልኩት።

አሁን የእርስዎ ሙያ ወደሚገባበት ልምጣ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ልጄን አቅፌ ወደ ቢሮው ተመለስኩ። ጸሐፊዋ እንዳስረዳችኝ ያ የፈረምኩት ወረቀት የዕረፍት ፈቃድ አልነበረም፤ ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ የሚል ነው። ነፍሰ ጡርን ማባረር ሕጉ ስለማይፈቅድ በእኔው እጅ አስባረሩኝ። የፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ ጻፊ ልጅ ሆኜ ሳላነብ መፈረሜ እንዴት እንዳሳፈረኝ! አይቆጡኝ፤ ራሴን ስንቴ ተቆጥቻለሁ። የሆነውን ሁሉ ጽፈሽ አምጪ ሲሉኝ ግን እርስዎ ሲጽፉ እያየሁ እንዳደግኩት አደረግኩ፦ እኔ ማን እንደሆንኩ፣ መቼ፣ የት፣ ማን ምን እንዳለኝ፣ መጨረሻ ላይ የምጠይቀው። አንድም የምሬት ቃል አላስገባሁም። ወደ እንግሊዝኛ የመለሰልኝ ሰው፣ ይህን የጻፈልሽ ጠበቃ ነው ወይ አለኝ። አባቴ ነው አልኩት።

ተቆጣጣሪው ሁለት ቀጠሮ ቀረ። በሦስተኛው መጥቶ፣ ወዳ ነው የፈረመችው አለ። የቢሮው አስታራቂ ልጄን አየና፣ በሰባተኛ ወሯ ሥራ ጠልታ የለቀቀች ሴት አንሶላ እየሰፋች ምጥ አይይዛትም አለው። ያስታረቁን በዚያው ክፍል ነበር፤ ምንጣፉ ታጥቧል፣ ጠረጴዛው ወደ ቦታው ተመልሷል። ያ ወረቀት ተሠርዟል። የወሊድ ዕረፍቴን ጨርሼ ወደ ማሽኔ እመለሳለሁ። ተቆጣጣሪው ሲወጣ ልጅቷን ሳያይ አልፎ ሄደ፤ ይሁን።

የአዋላጇ ጉዳይ ገና አላለቀም። የጉዞ ወረቀቷን አግኝታለች፤ የትምህርት ማስረጃዋን ግን አሠሪዋ ጠፍቷል ትላለች። ቢሮው ስለዚያ ቀን ያየውን የምስክር ደብዳቤ ጽፎላታል። ባለቤቴም ዋናዋን አዋላጅ ሄዶ ለምኗት የማዋለድ ፈተና እንድትፈተን ፈቅዳላታለች። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። እስከዚያው የሰው ቤት እያጸዳች ማታ ማታ ወደ እኛ ትመጣለች፤ እኔ ጥያቄውን አነብላታለሁ፣ እሷ ልጄን ታጥባለች። ታልፋለች ወይ ብትሉኝ አላውቅም። ንባቡ ይከብዳታል። እጇ ግን አይሳሳትም። በጸሎታችሁ አስቧት።

የልጅቷ የልደት ወረቀት ላይ የስሙ ቦታ እስካሁን ባዶ ነው። መዝጋቢው እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጥቶናል። ባለቤቴና እኔ ተመካክረን ለእርስዎና ለእማዬ ትተንላችኋል። እንደለመዱት ሦስት አራቱን ጽፈው፣ ሠርዘው፣ የተስማማችሁበትን ላኩልን። የምለምንዎት ትርጉሙ በሁሉም አገር አንድ የሆነ እንዲሆን ብቻ ነው።

በሉ እንግዲህ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ወንድሜን፣ አጎት ስለሆነ ከእንግዲህ ጸጉሩን በሥርዓት እንዲቆረጥ ንገሩልኝ። እህቴን ሁለት ጉንጯን ሳሙልኝ፤ የላከችው የሕፃን ካልሲ አንደኛው ትልቅ አንደኛው ትንሽ ቢሆንም ልጄ ቅር አላላትም። አክስቴን ጥርሷ እንደተሻላት ጠይቁልኝ። የታችኛው ቤት ጎረቤቶቻችንን፣ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ አብረውዎት የሚቀመጡትንም ጓደኞችዎን በስም በስማቸው ሰላም በሉልኝ።

ለእማዬ ደግሞ ይህንን ቀስ ብለው ያንብቡላት። እማዬ፣ ያን ቀን ከመጀመሪያው ምጥ እስከ መጨረሻው የጠራሁት አንቺን ነው። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም፤ እማዬ፣ እማዬ፣ እማዬ ብቻ። አዋላጇ ስሜ መስሏት ነበር። አሁን ትርጉሙን ነግሬያታለሁ፤ እሷ ግን አልተወችውም። ማታ ደክሟት በራችንን ስታንኳኳና ማን ነው ስላት፣ ከውጭ «እማዬ፣ ክፈቺ» ትለኛለች።

የምትወድዎ ልጅዎ

ከመጋረጃ መስፊያው ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ካለው ክፍላችን
ታኅሣሥ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.